የሚቀበላት ሰው

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ገና በማለዳ መብራት አብርተው ጸጉር ይሠራሉ። በቁመቷ እናቷን በጭንቅላት የምትበልጥ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት አንድ ሳምንት የቀራት ልጅ፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ተማሪ ጸጉሯ መሐል ለመሐል ተከፍሎ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጉንጉን እየተጎነጎነላት ነው። ጫፉ ላይ የሚታሰሩት ቀይ ላስቲኮች ትናንት ከሱቅ ሲገዙ ባለሱቁ «ለታናሿ ነው?» ብሎ ነበር። እናትየዋ ሂሳቧን ከፍላ ወጣች።

«እማዬ፣ ቀጭኔ ጸጉሯን ተጎንጉና አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዝም ብለሽ ቀጥ በይ። ትንሽ ትምሰል ተብሏል፣ ትንሽ መስለሽ ትሄጃለሽ።»

ይህን ዘዴ ያመጣችው ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱ ሴቶች አንድ ወጥ ቤት ይጋራሉ። ስቶቩ ባለ አራት ምድጃ ቢሆንም የሚሠራው ሁለቱ ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ድስታቸውን ጎን ለጎን ጥደው፣ አንዷ የሌላዋን ሽንኩርት እያማሰለች ያወራሉ። «እነዚህ ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎች የሚፈርዱት በዓይናቸው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «ያንቺ ልጅ ደግሞ ቁመቷ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ለትዳር የደረሰች ሴት አስከትለሽ ገብተሽ፣ ‹ሕፃን ልጄ ናት› ብትያቸው ማን ይሰማሻል?» ከዚያም ሳትጠየቅ ከትርፍራፊ ጨርቅ ክብ ነጭ ኮሌታ ቆርጣ፣ በልጅቷ ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ሰፋችበት። ኮሌታው እውነትም ሦስት ዓመት ቀነሰላት።

ሕጉ ከብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ተጠይቆ እናትየዋ በቃሏ የያዘችው ነው። ሥራ ያላት እናት የመኖሪያ ፈቃድ ሲሰጣት አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጇ በእሷ ፈቃድ ላይ አብሮ ይመዘገባል። ይህም የሚሆነው በተወለደበት አገር የሚቀበለው ሰው ከሌለ ብቻ ነው፤ ካለ ይመለሳል። አሥራ ስምንት የሞላው ግን ራሱን የቻለ ሰው ነው፤ ፈቃድ ቢፈልግ ወደዚያው ተመልሶ፣ እዚያ ሆኖ፣ እንደ አዲስ ያመልክት ይላል። ልጅቷ ከተወለደችበት አገር የወጣችው በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። ያንን አገር የምታውቀው እናቷ ስታለቅስ ከምትጠራቸው ስሞች ብቻ ነው። ማመልከቻቸው ደግሞ ሲጓተት፣ ሲጓተት፣ ሲጓተት ቆይቶ የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ዛሬ ላይ ወደቀ።

እናትየዋ በምትሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል «እሜቴ ስጋት» ትባላለች። የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ድምፁን ትንሽ ከቀየረ «ሊፈነዳ ነው» ትላለች። አለቃዋ ስሟን ከጠራት «በቃ ተባረርኩ» ትላለች። ልጇ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች፣ አደጋው፣ ሆስፒታሉ፣ ቀብሩ ሳይቀር በዓይነ ሕሊናዋ አልፎ ካበቃ በኋላ ነው በሩ የሚንኳኳው። ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ፣ ከማቆሚያ ማቆሚያ አንዱን ነገር ትደጋግማለች። የምትፈራው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እዚያ ሰው አላት ወይ የሚለው።

«ማንም የላትም በዪልኝ። አባቷ ሞቷል፣ እናቴም ሞታለች፣ እህትም ወንድምም የለኝም በዪልኝ።»

«እሺ እማዬ።»

«ደሞ አንዱን ረስተሽ እንዳትዘልይው።»

«እኔ መቼ ዘልዬ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው፤ ዘላ አታውቅም። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የእናቷ አፍ እሷ ናት። የቤት አከራዩ ሲቆጣ ቁጣውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታቀብላለች፤ እናቷ መልሳ ስትሳደብም ስድቡን እንዲሁ። አንድ ጊዜ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ክሊኒክ ውስጥ እግሯ ከወንበሩ ተንጠልጥሎ፣ ሐኪሙ ስለ እናቷ ማሕፀን ያለውን አንድ በአንድ ነገረቻት። እናትየዋ ያን ቀን ያለቀሰችው ስለ በሽታዋ ሳይሆን፣ ያን ሁሉ ቃል የዚያች ልጅ አፍ ሲያወጣው ስላየች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ቦርሳቸውን ፈትሾ ሲያበቃ ልጅቷን ከራስ ጸጉሯ እስከ ነጭ ኮሌታዋ አያትና ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጣት። እናትየዋ በደስታ ጎኗን ጎሰመቻት። «አየሽ! ሠርቷል።» ልጅቷ በሃፍረት ቀልታ ከረሜላውን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ገባች። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበሮች የተደረደሩበት፣ የወለል ማጽጃ ሽታ ያለው፣ ግድግዳው ላይ የሚስቁ ቤተሰቦች ፎቶግራፍ የተሰቀለበት ነው። ተራ ቁጥር በስክሪን ላይ ብቅ ባለ ቁጥር አንድ ሰው ተነስቶ ልብሱን ያስተካክላል። ከእናትየዋ አጠገብ የተቀመጠ ሽማግሌ በራሳቸው ቋንቋ «ስንተኛሽ ነው?» ሲላት «አራተኛዬ» አለችው። «ጎሽ፣ እኔ ቆጠራውን ከተውኩት ቆይቻለሁ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

የገቡበት ቢሮ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ መስኮት የለም። ጠያቂዋ ጉንፋን የያዛት፣ አፍንጫዋ የቀላ፣ ፊቷ ክፋት የሌለበት ሴትዮ ናት። ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸው። ልጅቷ እንደ ልማዷ ወንበሯን በእናቷና በጠረጴዛው መካከል አስጠግታ «የማስተረጉመው እኔ ነኝ» ስትል፣ ሴትዮዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ ጉንጉኑን አየች፤ ኮሌታውን አየች፤ ፈገግ አለች።

«ጎበዝ ልጅ! ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

ሴትዮዋ መጻፍ አቆመች። አስተርጓሚ መሆን የሚችለው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ብቻ ነው፤ ደንቡ ነው አለች። በፊት ሦስት ጊዜ ሲመጡ ልጅቷ ጸጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ የእናቷን ካፖርት ለብሳ ነበርና ማንም ስለ ዕድሜዋ አልጠየቃትም። ሴትዮዋ ከልቧ አዝና የቀን መቁጠሪያዋን ገለበጠች። የመሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ ሊመጣ የሚችለው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ያኔ ይመለሱ፤ አለዚያም ያለ አስተርጓሚ ይቀጥሉ። ልጅቷ ይህንን ለእናቷ ስታቀብል የመጨረሻ ትርጉሟ ሆነ።

የመሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ የሚባለው ያገራቸው ልጅ ነው። «ሬዲዮ» ነው የሚሉት። ጠዋት ቢሮ የሰማውን ሲመሽ በየሰዉ ቤት ያሰራጨዋል፤ የማን ባል ጥሏት እንደሄደ፣ ማን በምን በሽታ እንደሚታከም ሁሉም የሚያውቀው ከእሱ ነው። እናትየዋ ገና በመጀመሪያው ቀን «ከእሱ አፍስ የልጄ አፍ ይሻለኛል» ብላ አልፈልግም ብላ ነበር። አሁን ሬዲዮን ብትመኘውም የለም። በሚቀጥለው ወር ማለት ደግሞ ልጅቷ አሥራ ስምንት ከሞላት በኋላ ነው። እናትየዋ ልጇን አየቻት፣ ሴትዮዋን አየቻት፣ ከዚያም ደረቷን በእጇ መታ አድርጋ በአገሬው ሰዎች ቋንቋ «እኔ ራሴ መናገር ይችላል» አለች። እንዲህ ያለ ሰባራ ነገር ነው ያለችው፣ ግን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

መጀመሪያ የመጡት ጥያቄዎች ቀለል ያሉ ነበሩ። ስም፣ የት ተወለዱ፣ የት ይኖራሉ። ስለ ሥራዋ ስትጠየቅማ የምታውቃቸው ቃላት ሁሉ እዚያ ስለነበሩ አፏ ተፈታ። አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ ሙቅ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ እንፋሎት፣ ነጭ ለብቻ፣ ቀለም ለብቻ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ እሷም ሳቀች። ልጅቷ እናቷ በዚያ ቋንቋ ስትስቅ አይታት ስለማታውቅ አፏን ከፍታ ታያታለች። እናትየዋ ያቺን የምትፈራትን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር። «ዘመድ» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች፤ አውቶቡስ ላይ ከልጇ ጋር ደጋግማ አጥንታዋለች፤ ቃሉ ብቅ ሲል «የለም! የለም!» ልትል ተዘጋጅታለች። ሴትዮዋ ግን ዘመድ አላለችም። አፍንጫዋን ጠረገችና ከስክሪኑ ላይ አነበበች፤ «ልጅዎ ወደ መጣችበት ብትመለስ ኃላፊነት ወስዶ ሊያስጠጋት ፈቃደኛ የሚሆን ግለሰብ ይኖራል ተብሎ ይታሰባል?»

ከዚህ ሁሉ እናትየዋ የለየችው «ልጅዎ» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረው እንደ ማሽን ድምፅ አለፈ። የልብስ ማጠቢያ ቤት ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። አለቃ ረጅም ነገር ተናግሮ መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ መልሱ «አዎ» ነው። አልገባኝም ያለች ሴት በማግስቱ ሌላ ትተካባታለች። አዎ ብለሽ፣ ፈገግ ብለሽ፣ ዞር ሲል ጓደኛሽን ትጠይቂያለሽ። እናትየዋ ለዓመታት የኖረችው እንዲህ ነው።

«አዎ» አለች ፈገግ ብላ።

ሴትዮዋ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆም አለች። «እርግጠኛ ነዎት?» አለች። ይህንን ቃል ደግሞ እናትየዋ ታውቀዋለች። «አዎ፣ በጣም እርግጠኛ!» አለች ጮክ ብላ፣ ስለገባት ደስ ብሏት።

ልጅቷ «እማዬ» ስትል ሴትዮዋ ጣቷን ቀሰረች። ልጅቷ አንድ ቃል ከተናገረች ቃለ መጠይቁ ይሰረዛል፤ የእናትዋም ፋይል አብሮ ይዘጋል አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ውሃ እንደምታቀርብ አድርጋ ነው ያለችው። የእናትየዋ ፈቃድ እየታተመ ነበር፤ ከማተሚያው ውስጥ ግማሹ ወጥቶ ይታያል። ልጅቷ ያንን ወረቀት አየችና አፏን ዘጋች። እናትየዋ የልጇን ፊት አይታ፣ አበረታታችኝ ብላ አሰበች። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ዞራ ዝግ ባለ ድምፅ ነገረቻት። የሚቀበላት ሰው ስላለ ስሟ ከእናቷ ማመልከቻ ተነስቷል፤ ልደቷ ካለፈ በኋላ ለመውጣት አንድ ወር ይሰጣታል። ልጅቷ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች።

«ምን አለችሽ?» አለች እናት ኮሪደሩ ላይ።

«መልካም ዕድል አለችን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዘለለች። ከዚያ ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ ብላ ማዕዘኑ ላይ ተለየቻት፤ እናትየዋም የጠየቀችው ፈቃድ ግማሽ ቀን ብቻ ስለሆነ ወደ ሥራዋ ሄደች። ያን ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ጓደኞቿ ለብዙ ቀን ያወሩታል። እሜቴ ስጋት አንሶላ ስታጥፍ አንጎራጎረች። ማሽኑ ሲያጓራ «ተወው፣ ደክሞት ነው» አለች። ከማዶ ሆና አንሶላውን የምትስብላት ጓደኛዋ «ዛሬስ ምን ነካሽ? ሊመሽ ነው፣ እስካሁን አንድም ሰው አልገደልሽም እኮ!» ስትላት ሁሉም በሳቅ ወደቁ። እናትየዋም በእንፋሎቱ መሐል ፊቷ ወዝቶ፣ ቃለ መጠይቁን እንዴት ራሷ በራሷ አፍ እንደተወጣችው፣ ሴትዮዋን እንዴት እንዳሳቀቻት፣ ከፎጣው አንስታ እስከ ትራስ ልብሱ ደግማ ደጋግማ አወራች። «ደሞ ለካ ሰው በከንቱ ነው የሚጨነቀው! ያቺን እንቅልፍ የነሳችኝን ጥያቄ ጭራሽ ሳትጠይቀኝ ቀረች እኮ» አለች።

ከሥራ ስትወጣ በእግሯ ሄደች። አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታ የሚታጠፍ አልጋ ዋጋ ጠየቀች፤ ከልጇ ጋር በአንድ አልጋ ላይ ስትተኛ የልጅቷ እግር ከፍራሹ እያለፈ መንጠልጠል ከጀመረ ቆይቷል። ባለሱቁ የጠራው ዋጋ የሳምንት ደመወዝ ያህል ነው። «ምነው፣ ከነተኚው ነው እንዴ የምትሸጠው?» ብላ አስቀችው፤ ትንሽ ቀነሰላት፤ ደመወዝ ስቀበል እመጣለሁ ብላው ወጣች። ፍራሹን በእጇ ተጭና ስፕሪንጉን ፈትሻ ነበር። መንገድ ላይ አልጋውን በሐሳቧ መስኮቱ ስር አስቀመጠችው፤ ከዚያ አነሳችና በሩ አጠገብ አደረገችው።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ ጸጉሯን ፈትታ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ ከነመርፌ መያዣዋ እየሮጠች መጥታ፣ የእናትየዋን ፈገግታ አይታ አቀፈቻት፤ «ኮሌታው ነው! አላልኩሽም? ኮሌታው ነው!» አለች። ልጅቷ ለልብስ ሰፊዋ ወንበር ሰጠቻት፣ ሻይ ቀዳችላት፣ በየቀልዱ ላይ ፈገግ አለች። ልብስ ሰፊዋ ክፍሏ እስክትገባ፣ የስፌት መኪናዋም መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ ጠይቃሻለች።»

«ማ?»

«ሴትዮዋ። ያን ጥያቄ ጠይቃሻለች። አንቺም አዎ አልሽ።»

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረቻት። ጥያቄውን መጀመሪያ በሰዎቹ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በራሳቸው፤ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን፤ ቀጥሎ ሴትዮዋ ለእሷ የነገረቻትን። ቀኑን ሙሉም ትምህርት ቤት አልነበረችም። ወደዚያው ቢሮ ተመልሳ ቆማ ውላለች። መልሱን የሰጠችው እናትሽ ራሷ ናት፣ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ አረጋግጣለች አሏት። ቅሬታ ማቅረብ ትችላለች፤ ውጤቱን የምትጠብቀው ግን ከተመለሰች በኋላ እዚያ ሆና ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ የተናገረችው ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ነው። እናትየዋ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። በሕይወቷ ያላሰበችው መዓት የለም፤ እሳት፣ ጎርፍ፣ ሌባ፣ በሽታ፣ ሁሉንም ቀድማ አልቅሳላቸዋለች። ይህ ግን አልታሰባትም።

«አንቺስ አፍ የለሽም?» አለች።

«ብናገር ያንቺንም ልትዘጋው ነበር።»

«ትዝጋዋ! ይዘጋ! ለምን አይዘጋም?»

የስፌት መኪናው ከማዶ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። እናትየዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከራሷ ጋር እንደምትነጋገር ሆና ሰው መፈለግ ጀመረች። አዎ ብላለችና ያ ሰው መገኘት አለበት። የአባትሽ አክስት ነበረች አለች፤ ግን እሷ ያኔም አልጋ ይዛ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን ደግ ሰው ነበር፤ እሱ ግን ከእኛ በፊት ነው የወጣው፣ የት እንደገባ አይታወቅም። የክርስትና እናቴ ልጅ... አይ፣ እሱስ ሞቷል መሰለኝ። እያንዳንዱን ከመቃብር እየጎተተች አውጥታ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። በመጨረሻ አንዲት ሴት ቀረች፤ ትምህርት ቤት አብራት በአንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች፣ በኋላ በማይረባ ነገር ተጣልታት እስከተለያዩበት ቀን ድረስ ሳታናግራት የቀረች።

«አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አለች።

ልጅቷ ዓይኗን ከግድግዳው ላይ አነሳች። «ምን ዓይነት ሰው ናት?»

«ሳቂታ ናት። ልጅ ነፍሷ ነው። ሰፊ ቤት አላት፣ ፀሐይ የሚገባበት። ስትሰማ ሮጣ ነው የምትመጣው፤ መኪና ተራው ድረስ መጥታ ትቀበልሻለች።»

«ታውቀኛለች?»

«እንዴታ! ታዝለሽ አይታሻለች። ጉንጭሽን ስትስም አትጠግብም ነበር።»

ልጅቷ ስሟን ጠየቀች፤ እናቷ ነገረቻት። በዚህ ስም የሚጠሩ ሴቶች በዚያች ከተማ በየበሩ ናቸው። «የአባቷስ ስም?» አለች ልጅቷ፤ «በአባቷ ስም ካልሆነ እንዴት አገኛታለሁ?» እናትየዋ አፏን ከፈተች። በአንድ ዴስክ ላይ ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጠዋል፤ መምህሩ በየጠዋቱ ስማቸውን ሲጠራ ትሰማው ነበር፤ አሁን ግን ያ ቦታ ባዶ ነው፤ ምንም የለበትም። ልጅቷ ትጠብቃለች። እናትየዋ ያየችው የልጇን ፊት ብቻ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ጨብጦ የያዘውን ፊት። አንድ ስም፣ ከየት እንደመጣ የማታውቀው የሰው ስም፣ ከአፏ ወጣ።

ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ እንዳይጠፋት።